በዓይን ቆብ የተለካ ሙቀት

እንቁላል በታቀፈች ዶሮ ሆድ ሥር እጃችሁን አስገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሞክራችሁት ከሆነ ከመንቁሯ ይልቅ ሙቀቷ እንደሚያስደነግጥ ትመሰክራላችሁ። ከላይ ላባዋ የጠዋት ብርድ ይዟል፤ ከሥር ግን ቆዳዋ ይፋጃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ እጁን ያወጣና መንገዱን ይቀጥላል። እኔ በስምንት ዓመቴ ስደነግጥ እጄን ብቻ አላወጣሁም፤ ዶሮዋንም አብሬ አወጣኋት።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በዳንግላ ጋሪዎች በሚቆሙበት በኩል አለፍሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። አንድ ሰው የፈረሶቹን ፋንድያ ከጭድ ጋር ጠርጎ ጥግ ላይ ከምሮታል፤ ክምሩ በብርዱ ውስጥ እንደ ድስት ይተናል። ሽታው አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘኝና ቆምሁ።

«መምህርት፣ ምን ወደቀብዎት?» አለኝ ከተማሪዎቼ አንዱ።

«ምንም አልወደቀብኝም፤ ሂድ» አልሁት።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ስለ እንቁላል መፈልፈል ነበር፤ እኔም ሠንጠረዥ ሠርቼ፣ በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሥዬ ገብቻለሁ። ሃያ አንድ ቀን፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየር፣ ማገላበጥ፤ ሁሉም በተራ በተራው ተጽፏል። ያ ልጅ እጁን አወጣና «ዶሮዋ መሐል ላይ ብትነሣስ?» ብሎ ጠየቀ። በሦስት ዓረፍተ ነገር መለስሁለት። መልሱ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ቀሪውን እዚህ ልጻፈው።

በዚያ ዓመት አባቴ ወደ ቆላ ለንግድ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ። መስከረም ሲያልቅ ነው። ዳንግላ በነበረችው ቤታችን አልጋው ላይ ተኝቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ከዚያም ሲፋጅ አስታውሳለሁ። እናቴ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከረች ግንባሩ ላይ ትዘረጋለች፤ ጨርቁ ወዲያው ይሞቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ዘመዶች ደግፈው ጠበል ወስደው ሦስት ጊዜ አጠመቁት። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፦ ሰውነት ሲሞቅ ሞት ቀርቧል፤ መድኃኒቱም ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

እናቴ እኔንም በሽተኛውንም መያዝ ስላልቻለች ወደ አባቴ ታላቅ እህት ላከችኝ። አክስቴ እትዬ ጥሩአየሁ ይባላሉ። ቤታቸው ከእንጅባራ ወዲያ፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ርቀው ተድረዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር ነበር። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ጋር በአገውኛ ያወራሉ። አባቴ ሁለቱንም ይችላል፤ እኔ ግን ዳንግላ ስለተወለድሁ አገውኛው አልገባኝም ነበር።

የደረስሁ ዕለት ቤቱ ጸጥ ማለቱ ገረመኝ። የገጠር ቤት ዶሮ ሳይርመሰመስበት አይቼ አላውቅም። ክረምቱ ሲገባ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ መንደሩን አጥቦት ሄዷል አሉ፤ ዶሮ ያለበት ቤት ሁሉ ባዶ ቀርቷል። ከእትዬ ጥሩአየሁ ዘጠኝ ዶሮዎች የተረፈችው አንዲት ገብስማ ብቻ ነበረች። ከመንደሩ አውራ ዶሮዎች ደግሞ የተረፈው የጎረቤታችን የአያ ይሁኔ ቀይ ዶሮ ነበር። ገብስማዋ ከእሱ የጣለቻቸውን ዐሥራ አንድ እንቁላሎች ታቅፋ ጓዳ ውስጥ፣ በገብስ ገለባ በተሞላ አሮጌ ቅርጫት ላይ ተቀምጣለች። እንቁላሎቹ ላይ በአንድ በኩል በከሰል መስቀል ተሥሎባቸዋል፤ ዶሮዋ አዲስ ብትጥል ከታቀፉት እንዲለይ ነው።

«እነዚህ የቤቱ ጨው ናቸው፤ ላምባም ናቸው» አሉኝ እትዬ ጥሩአየሁ በሩቁ እያሳዩኝ። «ለሦስት ጎረቤት ደግሞ አንዳንድ ጫጩት ቃል ገብቻለሁ። እንዳትነኪያት።»

እኔ እንቁላል ገበያ ተሸጦ ጨውና ላምባ እንደሚገዛበት ስላልገባኝ፣ ሲፈለፈል ከአንዱ ጨው፣ ከአንዱ ላምባ፣ ከአንዱ ጫጩት የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ዶሮዋ በተቀመጠች በሰባተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ እንዳትነኪያት የተባልሁትን ዶሮ ላያት ብቻ ጓዳ ገባሁ። ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ ላባዋን ነፍታ፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች። እህል አቀረብሁላት፤ አልበላችም። አባቴም አልበላ ብሎ ነበር። እጄን ከሥሯ አስገባሁ፤ ትፋጃለች። አባቴም እንደዚሁ ይፋጅ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ከፈንግል የተረፈችውን ዶሮ ንዳድ ሊገድላት ነው!

አቅፌያት ግብጦ ወደሚዘፈዘፍበት ወራጅ ውኃ ሮጥሁ። ግብጦ መራራ እህል ነው፤ ምሬቱ እንዲወጣ በጆንያ ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን ይከርማል፤ ውኃውም እንደ በረዶ ነው። በስመ አብ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ አጠመቅኋት። ስለቃት እየጮኸች ቀርከሃው ሥር ገባች። ጩኸቷን የጤና ምልክት አድርጌ ወሰድሁት። ደስ ብሎኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝና ይቅር በሉኝ። የታቀፈች ዶሮ አልታመመችም። ሆዷ ላይ ያለው ላባ ሳስቶ፣ ቆዳዋ ሞቆ፣ ሙቀቷን ለእንቁላሎቹ የምትሰጥበት ወቅት ነው። የእኛ አገር ሴቶች ዶሯቸው መታቀፉን ትታ እንቁላል ወደ መጣል እንድትመለስ ሲፈልጉ የሚያደርጉት ደግሞ ምንድን ነው? ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል። እኔ ሳላውቅ ያንኑ አደረግሁ።

እትዬ ጥሩአየሁ ሲመለሱ ዶሮዋ ግቢ ውስጥ ስትጭር አገኟት። እየከለከሉ ወደ ቅርጫቱ መለሷት፤ ወጣች። እንደገና መለሷት፤ እንደገና ወጣች። አንድ እንቁላል አንሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑና የዓይን ቆባቸው ላይ አደረጉት።

«ቀዝቅዟል» አሉ። «ገና አልሞተም እንጂ ቀዝቅዟል።» ወዲያው ወደ አጥሩ ዞረው ጮኹ። «ይሁኔ! አንተ ይሁኔ!»

አያ ይሁኔ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አሉ። ረጅም፣ ፈረስ ወዳድ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቃቸው ሰው ናቸው። «ምነው እቴ? ጅብ መጣ እንዴ በቀን?»

«ብረት ስጠኝ አላልሁህም? ለጎጆዋ የሚሆን የማረሻ ስባሪ አላልሁህም? ትናንት ነጎድጓድ መታ፤ ይኸው ዶሮዋ ተነሣች!»

በአገራችን ነጎድጓድ የታቀፈ እንቁላል ያበላሻል ይባላል፤ ጎጆው ውስጥ ብረት የሚደረገውም ለዚህ ነው። ትናንት ማታ በእርግጥ ነጎድጓድ ነበር። አያ ይሁኔም ብረቱን ረስተዋል።

«እና ነጎድጓዱን የላክሁት እኔ ነኝ?» አሉ እየሳቁ። የአክስቴን ፊት ሲያዩ ግን ሳቁ ጠፋ። «ኧረ በማርያም። ጥፋቱ የኔ ነው እቴ። ብረቱ በር ላይ ወድቆልሻል፤ ነገ ነገ ስል ነው።»

እኔ ከበሩ መቃን ሥር ቆሜ ነበር። ዶሮዋ ገና ሆዷ ሥር እርጥብ ናት። እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ከመቃኑ ኋላ ተሸሸግሁ። ጥፋቴን ሌላ ሰው ሲሸከምልኝ ያየሁት ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬ የማፍርበትም ነው።

ያን ዕለት እትዬ ጥሩአየሁ እንቁላሎቹን በጥጥና በጨርቅ ጠቅልለው፣ በመቀነታቸው ሆዳቸው ላይ አሠሩአቸው። ከዚያ ጎንበስ ሳይሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሲራመዱ ዋሉ።

«በስተርጅና ልጅ መጣ በይኛ!» አሉ አያ ይሁኔ በአጥሩ በኩል።

«አባቱ የአንተ ዶሮ ነው፤ ቀለቡን ቁረጥ» አሉ አክስቴ ሳይስቁ።

ግን ሰው ለሁለት ሳምንት እንደዚያ መኖር አይችልም፤ ገብሱ ይታጨዳል፣ እንጨት ይለቀማል። መላውን ያመጡት አያ ይሁኔ ናቸው። ሰኞ ጠዋት መጥተው ከጋጣቸው ጥግ ያለውን የፋንድያ ክምር አሳዩን። አምስት ፈረስ አላቸው፤ ክምሩ ደረቴ ይደርሳል፤ እጄን ስሰድበት ውስጡ ያቃጥላል።

«ባለፈው ዓመት የእባብ እንቁላል እዚህ ተፈልፍሎ አይቻለሁ» አሉ። «እባብ ከቻለች ዶሮ ምን ያንሳታል?»

አክስቴ አማተቡ። ካማተቡ በኋላ ግን ክምሩን ዞረው አዩት።

አፉ የተሰበረ አሮጌ ጋን አመጡ። የክምሩ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ጠርዙ፣ እስከ ትከሻው ፋንድያው ውስጥ ቀበሩት፤ መሐሉ የሚያበስል ነውና። ውስጡን በገለባ ሞሉ፣ እንቁላሎቹን ደረደሩ፣ በሰፌድ ከደኑ። በክዳኑ ጠርዝ ለአየር ብለው አንዲት ቀጭን ቀርከሃ አስገቡ። ፋንድያ ዓይን የሚያስለቅስ ትነት አለው፤ ጋኑ እንቁላሎቹን ከዚያ ይከልላቸዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ገና ሰፌዱን ሳነሣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አክስቴ አንዱን እንቁላል ዓይናቸው ላይ አድርገው ወዲያው አራቁት። «በዛ!» በሁለት እጃቸው ፋንድያውን ከጋኑ ዙሪያ ዛቁት። አንዱ እንቁላል፣ ወደ ታች የተቀበረው፣ በዚያች ሌሊት ሞተ። ይህን ያወቅነው ከቀናት በኋላ ነው።

«ነይ ወዲህ» አሉኝ። «እኔ አጨዳ አለብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዶሮዋ አንቺ ነሽ።»

ያወቁብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ሥራ ማስተማራቸው ነበር። እንቁላሉን የተጨፈነ ዓይኔ ላይ አስቀመጡት።

«ምን ይልሻል?»

«ሞቀ።»

«እሱማ ይሞቃል። ያቃጥልሻል?»

«አያቃጥለኝም።»

«ይቀዘቅዝሻል?»

«አይቀዘቅዘኝም። እንቁላል መሆኑም አይታወቀኝም፤ የራሴ ዓይን ነው የሚመስለኝ።»

«እሱ ነው ልኩ» አሉ። «መዳፍ አትመኚ። መዳፍ እንጨት ለቅሞ፣ ድንጋይ ይዞ ደንድኗል፤ ይዋሻል። የዓይን ቆብ ሥራ አያውቅም፤ አይዋሽም።»

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገደማ ይሁን ብዬ እጽፋለሁ፤ ቴርሞሜትርም አሳያለሁ። ነገር ግን ልኩ ምን እንደሚመስል የማውቀው በዓይኔ ቆብ ነው። ያን ጊዜ ሲበዛ ፋንድያውን ከጋኑ አርቃለሁ፤ ሲያንስ ከፈረሶቹ ሥር ትኩሱን አምጥቼ አስጠጋለሁ። በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት እንቁላሎቹን አገላብጣለሁ፤ መስቀሉ ከላይ ከነበረ ወደ ታች፣ ከታች ከነበረ ወደ ላይ። ሳይገላበጥ የቆየ እንቁላል ውስጥ ያለው ጽንስ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል።

እርጥበቱ ከሙቀቱ ይልቅ ከበደኝ። ገለባው መሐል በቅል ስባሪ ውኃ እናስቀምጣለን። ምን ያህል? ይህን የሚነግረን ፀሐይ ነበር። ከቤቱ ግድግዳ ላይ ጭቃው የረገፈበት አንድ ቀዳዳ አለ፤ ጠዋት ጠዋት በእሱ በኩል ቀጭን ብርሃን ይገባል። አክስቴ በሩን ዘግተው እንቁላሉን በጣቶቻቸው ከበው ብርሃኑ ላይ ያዙት። ቅርፊቱ እንደ ፍም በራ። ውስጡ ቀጫጭን ቀይ መሥመሮች ተዘርግተዋል፤ መሐላቸው ጥቁር ነገር ዘለል አለ።

«ሥር አወጣ!» ብዬ ጮኽሁ። ጫጩት እንደ ድንች የሚበቅል መሰለኝ።

«ደም ነው፣ ድንች አይደለም» አሉ። ቀጥለው ወፍራሙን ጫፍ አሳዩኝ። «ይህን ባዶውን ታያለሽ? አየር ነው። በየቀኑ በጥቂቱ ይሰፋል። ቶሎ ከሰፋ ደርቋል፤ ውኃ ጨምሪ። አልሰፋም ካለ ረጥቧል፤ ቅሉን አውጪ። ሲደርቅ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይታሠራል፤ ሲረጥብ ይሰጥማል።» የባዶውን ጠርዝ በከሰል አሠመሩ፤ በሌላው ሳምንት ስናይ ባዶው ከመሥመሩ አልፎ ወርዷል።

በዚያ ብርሃን ሦስቱ ባዶ፣ አንዱ የሞተ ሆነው ተገኙ። ሰባት ቀሩ።

አያ ይሁኔ በየቀኑ ይመጣሉ። «ዶሮዪት፣ ዛሬ ስንት እንቁላል ጣልሽ?» ይሉኛል፤ «ቋቅ!» ብለው ይስቃሉ። ግን የማረሻውን ስባሪ በገዛ እጃቸው አምጥተው ጋኑ ውስጥ አኖሩት። ፈረሶቻቸውን ለማሰማራት ከመሄዳቸው በፊት ትኩስ ፋንድያ ለይተው ያስቀምጡልኛል። አክስቴ ያመሰግኗቸዋል፤ ግን ምስጋናው ውስጥ ሁልጊዜ ያች ብረት አለች። «ያኔ ብትሰጠኝ ኖሮ» ይላሉ። አያ ይሁኔም አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ ፋንድያ አቀፍ አድርጌ ዞር እላለሁ።

ዐሥራ ስምንተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። አክስቴ ሰፌዱን ከፍተው እንቁላሎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አገላበጡ፤ በቅሉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጨመሩ። «ከእንግዲህ ማገላበጥ የለም፤ መክፈትም የለም። ጫጩት ሊወጣ ሲል እርጥበት ይፈልጋል። ሰፌዱን ስታነሺ የምትለቂው እርጥበቱን ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ እትዬ።»

ቅዳሜ ምሽት እሳት ዳር አክስቴና አያ ይሁኔ በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የአባቴን ስም ደጋግመው ጠሩ። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ስሙን ብቻ ነው የለየሁት፤ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። አባቴ ሞቷል። ልጅ አይነገረውም ብለው ነው በማላውቀው ቋንቋ የሚያወሩት። ለምን ሞተ? ውሸቴን እግዜር አይቶ ነዋ።

እሑድ አክስቴ እንደገና ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። «እስክመለስ ሰፌዱን እንዳታነሺ» ብለውኝ ነው። ጋጣው ውስጥ ከጋኑ አጠገብ ተቀመጥሁ። ውጭ የኅዳር ደረቅ ንፋስ ይነፍሳል። ከጋኑ ውስጥ ግን ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ከቅርፊት ውስጥ የሚሰማ ጩኸት። አንድ ጊዜ ልየው ብዬ አነሣሁ። አንዱ ቅርፊቱን ሸንቁሯል። ከደንሁ። ደግሞ አነሣሁ፤ ሁለቱ ሸንቁረዋል። በሕይወት ያለ ነገር ማየት ፈልጌ ነበር። ስንት ጊዜ እንዳነሣሁ አላውቅም። በመጨረሻ ሳነሣ ሦስት እርጥብ ጫጩቶች ገለባው ላይ ወድቀዋል። መጀመሪያ የሸነቆረው ግን ከዚያው ቀዳዳ አልፎ አልሄደም። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቆ መንቁሩ ላይ ተጣብቋል። መንቁሩ አንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

አክስቴ የግቢውን በር ሲከፍቱ ሮጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«እኔ ነኝ! ዶሮዋን ያጠመቅኋት እኔ ነኝ! ነጎድጓድ አይደለም! አሁንም ከፍቼ አደረቅሁት! አባባም በኔ ምክንያት ሞተ!»

«ማን ሞተ?» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ።

«አባባ። ትናንት ከአያ ይሁኔ ጋር ስታወሩ ሰማሁ።»

ጎንበስ ብለው አገጬን ያዙ። «አባትሽ ድኗል። ከዳንግላ የመጣ ሰው ነው የነገረን፤ በዚህ ሳምንት ይወስድሻል። ሳይመጣ ብነግርሽ፣ መንገድ ላይ ቢያገረሽበት ደግሞ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁት። ዶሮዋን ለምን አጠመቅሻት?»

«ትፋጅ ነበራ። እንደ አባባ።»

ይህን ስል ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ ቁጣ ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ቁጣ አልነበረም። ወደ ጋጣው ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ። ለብ ያለ ውኃ በቅል አስመጡኝ፤ የላባ ጫፍ እየነከሩ የደረቀውን ሽፋን ቀስ ብለው አራሱ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ጫጩቱ በመጨረሻ ወጣ፤ ግን አንገቱን ቀና ማድረግ አልቻለም። እስከ ቀትር እጄ ላይ ነበር። ከዚያ ቀዘቀዘ።

«ይህንን ንፋሱ ነው የገደለው» አሉ አክስቴ። «ንፋሱን ያስገባሽው አንቺ ነሽ። አስታውሺው እንጂ አታልቅሺበት፤ የቀሩት ስድስቱ ሙቀት ይፈልጋሉ።» ሰፌዱን ከደኑት። «አሁን ሂጂና ለይሁኔ ንገሪው። እኔ አልነግርልሽም።»

አያ ይሁኔ ፈረስ እያሻሹ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ» አሉ፣ «ሁለት ሳምንት ሙሉ የነጎድጓድ ወኪል አድርጋችሁ አዋላችሁኝ!» ሳቃቸው ፈረሱን አስደነገጠው። ወዲያው ወደ አጥሩ ዞረው ጮኹ። «እቴ ጥሩአየሁ! ብረቴን መልሽልኝ!»

«አልመልስም!» የሚል ድምፅ መጣ። «ነጎድጓድም አለ፤ ይኑር!»

ስድስቱ ጫጩቶች እስከ ማታ ደርቀው እንደ ጥጥ ተነፉ። ሦስቱ ቃል ለተገባላቸው ቤቶች፣ ሦስቱ ለአክስቴ ተመደቡ። አያ ይሁኔ «የአባትነት ድርሻዬስ?» ብለው ሲከራከሩ አክስቴ የመጀመሪያውን አውራ ቃል ገቡላቸው።

አባቴ የመጣው ሐሙስ ነው። እስከ እንጅባራ ተሳፍሮ፣ ከዚያ በእግሩ፣ እያረፈ። ልብሱ ሰፍቶበታል፤ ጉንጩ ገብቷል። ጫጩቶቹን በቀሚሴ አቅፌ ነበር፤ ለአክስቴ ሰጥቻቸው ሮጥሁ። አልተጠመጠምሁበትም። እጁን ያዝሁና፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የእጁን ጀርባ በዓይኔ ቆብ ላይ አስቀመጥሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቴ።

እትዬ ጥሩአየሁ ከኋላዬ «ተዋት፤ እየለካች ነው» አሉት።

ቆየሁ። አላቃጠለኝም። አልቀዘቀዘኝም። የሌላ ሰው እጅ መሆኑ እንኳ አልታወቀኝም።

«ልክ ነው» አልሁ።

እናንተም ሞክሩት። ከታቀፈች ዶሮ ሥር፣ ስትቆጣ በትዕግሥት ተለማምጣችሁ፣ አንድ እንቁላል አውጡ። በመዳፋችሁ አትመኑ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቆባችሁ ላይ አድርጉት፤ ቅርፊቱ እስኪጠፋባችሁ ድረስ ቆዩ። ከዚያ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ መልሱት፤ መስቀሉን ወደ ታች አድርጋችሁ።